ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚወጣ ሽፍታ

አንድ ተራ ቀን ምን ያህል ያስወጣኛል? ገንዘቡን ተዉት፤ እሱን ባለሱቋ ከእኔ በተሻለ ታውቀዋለች። እኔ የምላችሁ ሌላውን ወጪ ነው። ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ከአልጋ መነሳት፣ ሁለት ጊዜ ማጥባት፣ አንድ አውቶቡስ መጋፋት፣ ወደ ምድር ቤት የሚወርዱ ሃያ ስድስት ደረጃዎች፣ ስድስት መቶ ያህል አንሶላና የትራስ ልብስ፣ በምሳ ሰዓት መጋዘን ገብቶ በሩን በጀርባ ደግፎ ወተት ማለብ፣ ከዚያ ሃያ ስድስቱን ደረጃ መልሶ መውጣት። ይህ ሁሉ ተደምሮ የምክሩን ግማሽ አይሆንም። በእነዚያ ሁለት ወራት በቀን ዘጠኝ ያህል ምክር እቀበል ነበር። አውቶቡስ ላይ ሁለት፣ ሥራ ቦታ ሦስት፣ ሱቅ በር ላይ አንድ፣ የቀረው እቤት ይጠብቀኛል።

ይህን ሁሉ ያመጣብኝ የልጄ ሽፍታ ነው።

ልጄ ያኔ አምስተኛ ወሯን ይዛ ነበር። እቤት ውስጥ «ዳይሬክተሯ» ነው የምንላት። በጀርባዋ ተንጋላ፣ ሆዷን ነፍታ፣ የገባውን ሰው ሁሉ ከላይ እስከ ታች ገርምማ ነው የምታስተናግደው። ደስ ካሰኛት ፈገግ ትላለች፤ ካላሰኛት «ቀጠሮ አልያዝክም» ያለች ይመስል ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

እኔ የምሠራው በአንድ ትልቅ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። እንግዳው የሚያየው ላይኛውን ምንጣፍና አበባ ነው። እኛ ያለነው ከሥር፣ መስኮት በሌለበት፣ አራት ትልልቅ ማሽኖች ቀኑን ሙሉ በሚያጓሩበት ክፍል ውስጥ ነው። ጓንቴን አድርጌ እርጥቡን አንሶላ ከማሽን አወጣለሁ፣ ማድረቂያ ውስጥ እከታለሁ፣ የደረቀውን አጥፋለሁ። አስራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ለሦስት ወር ብቻ ብዬ ነበር የገባሁት። ይኸው አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አላማርርም። እንዲያውም በዚህ ዓለም ላይ አውቀዋለሁ ብዬ ደረቴን የምነፋበት አንድ ነገር ቢኖር ንጹህ ልብስ ነው። ይህችን ያዙልኝ፤ በኋላ ጉድ የምትሠራኝ እሷ ናት።

የወሊድ ፈቃዴ አልቆ ሥራ በተመለስኩበት ሳምንት አማቴ ልጅ ሊይዙልን ሻንጣቸውን ይዘው መጡ። በዚያው ሳምንት የዳይሬክተሯ አንገት ሽፍ አለ። ከአንገት ወደ ደረት፣ ከደረት ወደ ሆድ፣ ከሆድ ወደ ጭን ወረደ። ቀይ፣ ጥቃቅን፣ ሲዳሰስ ሸካራ። ያሳክካታል። ማከክ ደግሞ ገና ስላልተማረች የምትቧጥጠው የራሷን ጆሮ ነው። ጠዋት ጠዋት ጆሮዋን ደም በደም ሆኖ ነበር የማገኘው።

ባለቤቴ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው። ቀኑን ሙሉ ከቤት ቤት እየዞረ ቆጣሪ ሲያነብ ይውልና ማታ ሲገባ ጃኬቱን እንኳን ሳያወልቅ የልጅቷን ልብስ ገልጦ ነጥቦቹን ይቆጥራል። ሁሉንም አይደለም፣ ከእምብርት በላይ ያለውን። ቁጥሩንም ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ይጽፈዋል።

«የዛሬ ንባብ አርባ አንድ» ይላል።

«ትናንትስ?»

«ሰላሳ ሰባት። አራት ጨምሯል።»

«እና ምን እናድርግ?»

«እኔ አንባቢ ነኝ፤ ጥገና ሌላ ክፍል ነው።»

አማቴ ግን ጥገናም፣ ምርመራም፣ ፍርድም ራሳቸው ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ አስራ ሁለት ምክንያት አግኝተዋል። የምበላው እንቁላል ነው። ቲማቲሙ ነው። የምድር ቤቱ ሙቀት ወተቴን አፍልቶታል። የግድግዳው አረንጓዴ ቀለም ነው። የሚረግፈው ጸጉሬ ነው። የልብሷ ሽታ ነው። ከበሩ ሥር የሚገባው ነፋስ ነው። ስልኬ ነው። የቴሌቪዥኑ ብርሃን ነው። የልጃቸው ጫማ ነው። የጎረቤት ድመት በመስኮት አይታታለች። ማታ ማታ መታጠቧ ነው። ለእያንዳንዱ መልስ ነበረኝ። ስለ ልብሷ ያሉኝን አስታውሳለሁ፣ የታጠፈውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው፣ «ይሄ ነገር መድኃኒት መድኃኒት ይላል» አሉ።

«እማማ፣ ይሄ እኮ የሆቴል ሽታ ነው! ሰው እዚህ ሽታ ውስጥ አንድ ሌሊት ለማደር ስንት እንደሚከፍል ቢያውቁ!»

«የሚከፍለው ይክፈል፤ እሷ ምን አጠፋች?» ብለው ወደ ድመቷ አለፉ።

የልብሱ ነገር እንዲህ ነው። አለቃችን ለወለደች ሠራተኛ አንዲት ትንሽ የመረብ ከረጢት ትፈቅዳለች። ዓርብ ጠዋት የዳይሬክተሯን የቆሸሸ ልብስ በከረጢቷ ይዤ እወርዳለሁ። ማታ ከመጨረሻው ዙር ጋር ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተተኩሶ ይዤ እወጣለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ የምትለብሰው እሱን ነው። በሥራ ቀን ጎረቤት ብቅ ይላላ! «ሥራ የምትውል እናት ልጇን ጣለች» እንዳይሉኝ ልጄ እንደ ሆቴል እንግዳ ነጭ በነጭ ሆና ነበር የምትጠብቃቸው። ቅዳሜና እሁድ እኔው ስላለሁ ለማን ብዬ? አማቴ በሳፋ፣ በደረቅ ሳሙና አሽተው የሚያጥቧትን አሮጌ የቤት ልብስ አለብሳታለሁ።

እንግዲህ መድኃኒት ፍለጋው ተጀመረ። ባለ መድኃኒቶቹ ሁሉ ሙከራቸውን የሚጀምሩት ቅዳሜ ነበር፣ እኔ እቤት ስለምውል።

የመጀመሪያው ተራ የአማቴ ነበር። እንቁላል ተውኩ። እሁድ ማታ ባለቤቴ ቆጠረ፣ አስራ ሁለት! አማቴ «አላልኳችሁም!» ብለው በየጎረቤቱ ዞሩ። ሰኞ ማታ ሰላሳ ስድስት።

«ደብቀሽ በልተሻል» አሉኝ።

«እማማ፣ በልጄ እምላለሁ አልበላሁም።»

«የምትውዪው ሆቴል ነው። እንቁላል የሌለበት ሆቴል የታለ?»

«እኔ እኮ ምድር ቤት ነኝ!»

«ምነው፣ እንቁላል ደረጃ አይወርድም?»

በሁለተኛው ሳምንት ባለቤቴ አልጋውን ከግድግዳው አራቀው፤ እርጥበቱ ነው ብሎ። እሁድ አስራ አንድ። መሥሪያ ቤቱ ሄዶ ለጓደኞቹ ሁሉ «ነገሩ ቀላል ነበር» ብሎ አወራ። ሰኞ ሰላሳ ዘጠኝ። ያን ቀን ከሥራ ሲመለስ ግድግዳውን እንደ ባላንጣ ነበር የሚያየው።

በሦስተኛው ወደ ፋርማሲስቱ ሄድኩ። ልጄን ያያት መልስ ሲቆጥር የሚፈጅበትን ያህል ጊዜ ነው።

«አለርጂ ነው» አለ።

«የምን አለርጂ?»

«የሆነ ነገር።»

ለዚህ እውቀት ትንሿን ጣቴን የምታህል ቅባት ሸጠልኝ። እሁድ አስር፣ ሰኞ አርባ። በአራተኛው ባለሱቋ ውሃ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ እንዳጥባት መከረችኝ። እሁድ ዘጠኝ ሲሆን በሯ ላይ የቆመውን ሁሉ «የፋርማሲውን ሰውዬ ያሳፈርኩት እኔ ነኝ» ትል ነበር። ሰኞ አርባ አንድ መሆኑን ስነግራት ደግሞ ፊቷ እንኳን አልተለወጠም፤ «አላፈላሽውማ!» አለች። ምክር ሰጪ መሆን እንዴት ያለ ጥሩ ሥራ ነው! ከተሳካ ያንተ ነው፣ ካልተሳካ የተመካሪዋ ነው።

በአምስተኛው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሦስት ሰዓት ተሰልፌ ዶክተሯ ዘንድ ገባሁ። ረጋ ያለች ወጣት ናት፤ ልጄን ገልጣ በደንብ አየቻት።

«ልብሷ በምንድን ነው የሚታጠበው?» አለችኝ።

አንገቴን ቀና አደረግኩ። «ዶክተር፣ እኔ ራሴ የልብስ ማጠቢያ ሠራተኛ ነኝ። የሚታጠበው ትልቅ ሆቴል ውስጥ ነው፣ በፈላ ውሃ።»

«እሱስ ጥሩ ነው» ብላ ሌላ ቅባት ጻፈችልኝ። እሁድ ስምንት፣ ሰኞ አርባ ሁለት።

በዚያ ሳምንት መጨረሻ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ የቀን መቁጠሪያው ፊት ቆምኩና የባለቤቴን ቀይ ቁጥሮች አንድ በአንድ አየሁ። ሽፍታው የሥራ ሰዓት ያከብራል! ሰኞ ይገባል፣ ዓርብ ማታ ይወጣል፣ ቅዳሜና እሁድ ያርፋል። የሥራ ውሉ ከእኔ ይሻላል። ታዲያ ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለ፣ ቅዳሜና እሁድ የሌለ ነገር ምንድን ነው? ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ጭንቅላቴ መልሱን ለማግኘት አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ልጄ ጋር ብቻቸውን የሚውሉት ማን ናቸው?

ዞር ስል አማቴ ሳፋው ላይ አጎንብሰው የቤት ልብሷን ያሻሉ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ? እኔ ሥራ ስሆን ምንድን ነው የሚቀቧት?»

እጃቸው ሳሙናው ላይ ቀጥ አለ። «ምን አልሽ?»

«አይ፣ እንዲያው… ሁልጊዜ እኔ ስኖር ስለሚሻላት…»

«አንቺ ስትኖሪ ይሻላታል። እኔ ስኖር ይብስባታል። እንደዚያ ነው ያልሽው?»

«እንደዚያ አላልኩም።»

«አፍሽ አላለም፤ ዓይንሽ ግን ጮኾ ነው የተናገረው።»

እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ገቡና ሻንጣቸውን አልጋው ላይ ከፈቱ። የሚያስገቡትን እቃ ሁሉ አንድ በአንድ ከፍ እያደረጉ ያሳዩኛል። «ይሄ ነጠላ ጫማዬ ነው፤ እዪው። ይሄ የጉልበቴ ቅባት ነው፣ መርዙ ማለት ነው፤ ክዳኑም አልተከፈተም። ይሄ መነጽሬ ነው፣ ልጅሽን በክፉ ያየሁበት።» ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ አንዴ እናቱን፣ አንዴ እኔን ያያል። በዚያው ምሽት ወደ ሴት ልጃቸው ቤት ሄዱ። ሲወጡ ዳይሬክተሯን ግንባሯን ሳሟትና ለእሷ ብቻ፣ «እናትሽ ጎበዝ ናት፤ ትደርስበታለች» አሏት። ከስድባቸው ሁሉ የቆጠቆጠኝ ይሄ ነው።

ልጅ የሚይዝልኝ ሰው የለም። ለአለቃዬ ደወልኩ። «አንድ ሳምንት እሰጥሻለሁ፣ ያለ ደሞዝ። በሚቀጥለው ሰኞ ካልመጣሽ ቦታሽ ላይ ሌላ ሰው ነው የምታገኚው» አለችኝ። እሺ አልኩ። በልቤም እንዲህ እያልኩ ነበር፣ አማቴ የሉም፣ እኔ አለሁ፣ ሽፍታው ሰኞ አይመጣም፣ እውነቱም ይወጣል።

ሰኞ ጠዋት ዳይሬክተሯን ከመደርደሪያው ያን ነጭ፣ የተተኮሰ፣ ሆቴል ሆቴል የሚሸት ልብሷን አለበስኳት። ቀኑን ሙሉ ከእቅፌ አልለየኋትም። የበላሁት ደረቅ ዳቦ ነው። ማታ ባለቤቴ ገባ፣ ገለጠ፣ ቆጠረ። እንደ ወትሮው ጮክ ብሎ አልተናገረም። እስክሪብቶውን አንስቶ ጻፈ፣ ሰላሳ ስምንት።

«እናቴ እህቴ ጋ ናት» አለ፣ ወደ ቀን መቁጠሪያው ዞሮ እንደቆመ።



ማክሰኞ ሌላ ጉድ መጣ። አማቴ አምስት ልብስ አምስት ቀን ያደርሱታል። እንዴት እንደሚያደርጉት አላውቅም፤ ልጅቷ ልታስመልስ ስትል በፊቷ ያውቃሉ መሰለኝ። እኔ በሁለት ቀን አምስቱንም አቆሽሼ መደርደሪያው ባዶ ሆነ። ምርጫ ስላልነበረኝ ሳፋውን አወጣሁ፤ በዚያው አማቴ ጥለውት በሄዱት ደረቅ ሳሙና የቤት ልብሷን አሽቼ፣ ሦስት ጊዜ አለቅልቄ አሰጣሁ። ረቡዕም፣ ሐሙስም የለበሰችው እሱን ነው። አንገትጌው የተልፈሰፈሰ፣ ሳይተኮስ የተጨማደደ። ጎረቤት እንዳይመጣ በሩን ዘጋሁ።

ረቡዕ ሃያ አራት። ሐሙስ አስራ ሦስት።

«ተሳስተሃል፤ ድጋሚ ቁጠር» አልኩት።

«ሦስት ጊዜ ቆጥሬያለሁ።»

«ሐሙስ እኮ ነው!»

«ሐሙስ መሆኑን ማን ነገራት?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ልጅቷ ቀን አታውቅም። ቅዳሜና ሐሙስ ለእሷ ልዩነቱ ምን ነበር? ቆዳዋ ላይ ያለው ነገር ነው። ሄጄ የቆሸሹትን የሆቴል ልብሶች አነሳሁና ፊቴን ቀበርኩባቸው። ወተትም ሸተተኝ፣ ልጄም ሸተተችኝ፤ ከሥር ግን፣ ስድስት ቀን ያልለቀቀ፣ ያ የምኮራበት የሆቴል ሽታ አለ። ቀስ ብዬ ክንዴ ላይ አሸሁት። መድኃኒት መድኃኒት ይላል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሯን አዝዬ ሃያ ስድስቱን ደረጃ ወረድኩ። ማሽኖቹን የሚያንቀሳቅሰውን ሰው «ኢንጂነሩ» ነው የምንለው፤ አንድ ቁልፍ ከመጫኑ በፊት እጁን ኪሱ ከቶ ስለሚያስብ። ሲያየኝ ፊቱ በራ።

«ከረጢቷስ? ዛሬ አላመጣሽም?»

«አንድ ነገር ንገረኝ። የእሷን ልብስ እንዴት ነው የምታጥበው?»

«ምን ጥያቄ አለው? ከመጨረሻው ዙር ጋር ነዋ። ዓርብ ሰርቪሱ ስለሚያመልጠኝ የመጨረሻውን ማለቅለቅ እዘለዋለሁ። አንሶላ ምን ይሆናል ብለሽ ነው?»

«አንሶላስ ምንም አይሆን። የጨርቅ ማለስለሻ ኬሚካሉስ?»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ፣ ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው። «እሱንማ ለእሷ ስል እጥፍ ነው የማደርገው። ለአለቃ እንዳትነግሪ። የሕፃን ገላ ነው፣ ይለስልስላት ብዬ!»

ልጮህበት ነበር፤ ግን እንዴት ይጮህበታል? በዚያ ምድር ቤት ውስጥ ለልጄ እንደሱ ያሰበላት ሰው አልነበረም። አጠገባችን ካውያ ላይ የቆመችው ጓደኛዬ ሰምታ ሳቋ አመለጣት። ሁለት እጇን ወደ እኔ ዘረጋች፤ ጣቶቿ ተሰነጣጥቀዋል።

«አንቺዬ፣ እኛ ጓንት የምናደርገው ለጌጥ መስሎሻል?»

ይኸን ሁሉ ዓመት ያንን ኬሚካላም ውሃ በእጄ ላለመንካት ጓንት ሳደርግ ኖሬ፣ ልጄን ከአንገት እስከ ጭን ጠቅልዬበታለሁ። ተኩሼ ነው ደግሞ። የዶክተሯ ጥያቄ ያኔ ትዝ አለኝ። ያቺ ልጅ በሩን አንኳኩታልኝ ነበር፤ እኔ ደረቴን ነፍቼ «እኔ ራሴ የልብስ ማጠቢያ ሠራተኛ ነኝ» ብዬ ጠረቀምኩባት።

ቅዳሜ ጠዋት ልጄን ይዤ ወደ ባለቤቴ እህት ቤት ሄድኩ። ሰኞ ሥራዬ ላይ መገኘት አለብኝ፤ ይቅርታውን ግን ለሥራው ብዬ እንዳይመስልባቸው መንገዱን ሙሉ ስጨነቅ ነበር። አማቴ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዳይሬክተሯን ተቀበሉኝና ደረቷን ገልጠው አዩ፤ ንጹህ ነው ለማለት አራት ነጥብ ነው የቀረው። ቀና ብለው አላዩኝም።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ልብሱ ነው። የሆቴሉ ልብስ ነው።»

«አልሰማሁሽም።»

«ልብሱ ነው፣ እማማ።»

«ጆሮዬ ትንሽ አስቸግሮኛል፤ ጮክ በይ።»

«ልብሱ ነው!» ብዬ ስጮህ ከማድ ቤት የባለቤቴ እህት ሁለት ልጆቿን አስከትላ ወጣች። አማቴ የፈለጉትም እሱን ነበር፣ ምስክር።

«ታዲያ እኔ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ምን አልኩሽ? ይሄ ነገር መድኃኒት መድኃኒት ይላል አላልኩሽም?»

«ብለውኛል።»

«አንቺስ ምን አልሽኝ?»

«የሆቴል ሽታ ነው አልኩዎት።»

«በሉ ሰማችኋት!» አሉና ተነሱ። ሻንጣው ከበሩ ኋላ ታስሮ ተቀምጧል። ለካ ሳምንቱን ሙሉ አልፈቱትም ነበር።

ሰኞ ጓንቴን አድርጌ ማሽኔ ፊት ቆምኩ። የመረብ ከረጢቷን ለአለቃዬ መልሻለሁ። ኢንጂነሩ አኩርፎኛል፤ ሆኖም በየቀኑ «ልጅቷ እንዴት ናት?» ማለቱን አልተወም። የቀን መቁጠሪያው ላይ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዜሮ ነው። ባለቤቴ ዜሮ መጻፍ ሰልችቶት አሁን ጥርስ መቁጠር ጀምሯል፤ እስካሁን ንባቡ አንድ ነው። ዳይሬክተሯ የተጨማደደውን የቤት ልብሷን ለብሳ ጎረቤቱን ታስተናግዳለች፤ ማንም እናቷ ጣለቻት አላለም። ካሉም ለእኔ አልደረሰም።

አማቴ ግን የሰፈሩ የቆዳ ሐኪም ሆነዋል። ባለሱቋ በር ላይ ወንበር ተሰጥቷቸው፣ ሕፃን የታቀፈች ሴት ባለፈች ቁጥር ጠርተው ልብሱን ያሸታሉ። ከዚያ የእኔን ታሪክ ይጀምራሉ፤ «ምራቴ አስራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ናት፣ ግን…» ብለው። ከ«ግን» በኋላ ያለው ረጅም ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በዚያ በኩል ስታልፉና ሲጠሯችሁ ቁሙላቸው። «ከመጀመሪያው ሳምንት አውቄው ነበር» ሲሉ ፈገግ አትበሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ብለውኛል። ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ብቻ አደራችሁን፣ ስለ ሌሎቹ አስራ አንዱ አትጠይቋቸው። ስለ ድመቷማ በጭራሽ።